የአሮጌ ቦክሰር ሞተር መተንፈሻ፦ ሁለተኛ ቀዳዳ ልክፈትለት ወይስ ያለውን ላክመው?

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው፣ ከሽምብጥ። አጎቴ ትቶልኝ ያረፈ አንድ ቢኤምደብሊው አር60/5 አለኝ። 599 ሲሲ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ ተዘረጋ ክንድ የወጡት፣ ቦክሰር የሚባለው ዓይነት። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1973 የተመረተ ነው፤ የእኔው የ1972 ነው። ልጆች ሳለን አጎቴ ከሥራ ሲመለስ ድምፁን ከሩቅ ለይተን ሮጠን በር እንከፍትለት ነበር። ልሸጠው አልፈልግም። እንዲኖር ነው የምፈልገው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ከቀኙ ካርቡራተር ሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ጠዋት በጨርቅ ጠርጌው እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ የቀኝ ጫማዬ አፍንጫ በዘይት ወርዝቷል። ዘይቱን ሁሌም እስከ ላይኛው መስመር እሞላለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ይጎድላል። ከሞተሩ ሆድ (ከፒስተኖቹ ኋላ ካለው፣ ዘይቱ ከሚቀመጥበት ዝግ ክፍል) ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው የመተንፈሻ ጎማ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ ተካሁለት። ለጥቂት ቀን የተሻለው መሰለ፣ ከዚያ ባሰበት።

የእኔ ግምት የሞተሩ ሆድ ታፍኗል የሚል ነው። ስለዚህ የቀኙን የቫልቭ ክዳን በስቼ ሁለተኛ መተንፈሻ ላወጣለት አስቤያለሁ። 10 ሚሊሜትር ይበቃዋል ወይስ 12 ይሁን? መሰርሰሪያውን ተውሼ አምጥቻለሁ።

ይህን የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነበር። እስከሚቀጥለው እሑድ 23 መልስ ደረሰው። ሌላም ሰው የእኔ ዓይነት ችግር ስለሚገጥመው፣ የተባለውን በቁጥሩ ተራ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1 ከጎንደር የመጣ ነው። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከሰላምታቸው ቀጥለው ነፍስ ይማር አሉልኝ፤ ለአጎቴ ማለት ነው። ከዚያ መሰርሰሪያውን ለባለቤቱ እንድመልስ ለመኑኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ዘይቱን የምለካው እንዴት እንደሆነ። ሞተሩ በመሃል ማቆሚያው ደልዳላ ቦታ ላይ መቆም አለበት። የመለኪያው ዘንግ ተጠርጎ ቀዳዳው አፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጠብቅም። ደረጃው ደግሞ በሁለቱ መስመሮች መሃል ቢሆን ይበቃል። ይህ ሞተር እስከ አፉ ሲሞላ ትርፉን በመተንፈሻው ይተፋል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ረጋ ይላል። እኔም ሳምንት በሳምንት የምጨምረውን ዘይት እሱ ሳምንት በሳምንት ሲተፋው ኖሯል ማለት ነው።

መልስ 2 አጭር ነበር። የሚያንጠባጥብ ነገር መድኃኒቱ መድፈን ነው፣ ቱቦው አፍ ላይ የእንጨት ውታፍ አስገብቶ በፋሸታ ማሰር ነው ይላል። ጎረቤቱ እንደዚያ አድርጎ ሁለት ዓመት ነድቷል አሉ።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ጋለ። ይህ ሰው መልስ 2ን አንብቦ እንደተቆጣ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። የማያውቁትን መምከር የሰው ንብረት ማቃጠል ነው ብሎ ጀመረ። ከዚያ የራሱን አወራ። እሱም የቢኤምደብሊው ቦክሰር ነበረው። ዘይቱ መሬት እንዳይነካ ብሎ የቱቦውን ጫፍ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ ክዳኑን በስቶ፣ ዙሪያውን በማስቲሽ ደፈነው። አየር መውጫ አልተወለትም። ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይጎትትም። የኋላው የዘይት ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) በግፊት ተገፍቶ ወጥቷል፤ ዘይቱም ፍሪሲዮኑ ላይ ፈሷል። የዚህ ሞተር ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ ዘይት ከነካው አይዝም። ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ሆነ። ለእኔም አልራራልኝም። የአሉሚኒየም ክዳን ሳይወልቅ ሲበሳ ብናኙ የት እንደሚገባ አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላሰብኩም ነበር።

ከሁሉም ቆሜ ደጋግሜ ያነበብኩት መልስ 4ን ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር ነው። ነገሩን እንዲህ አፍታታው። አራት ምት ሞተር ውስጥ ሆዱን የሚያስጨንቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በፋሻው (ፒስተኑን በከበበው ቀለበት) ጎን አምልጦ የሚወርደው የተቃጠለ ጋዝ ነው። ሞተሩ ደህና ከሆነ ይህ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ፒስተኑ ራሱ እንደ ወናፍ የሚያደርገው መግፋትና መሳብ ነው። ሁለት ፒስተን ኖሮት አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ሞተር ላይ፣ ለምሳሌ የድሮው ሆንዳ ሲቢ450 ላይ፣ አየሩ ከአንዱ ሥር ወደሌላው ሥር ይመላለሳል እንጂ የሆዱ ስፋት ብዙም አይለዋወጥም። ቦክሰር ግን ሁለቱም ፒስተኖች እኩል ወደ ውጭ ይሄዳሉ፣ እኩል ወደ ውስጥ ይመለሳሉ። እኩል ሲመለሱ 600 ሲሲ የሚጠጋ አየር በአንዴ ቦታ ያጣል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ይሆናል።

ቀጥሎ የጻፈው ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ። ግፊቱን ያየ ሰው መሳቡን ይረሳል። ፒስተኖቹ ተመልሰው ሲወጡ ሆዱ ያንኑ ያህል አየር መልሶ ይስባል። ስለዚህ ቀዳዳው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። የወጣው አየር ይመለሳል ወይ? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ለዚህ ነው ቢኤምደብሊው መተንፈሻው አፍ ላይ በስፕሪንግ የተያዘች ክብ ዝርግ ቫልቭ ያስቀመጠው። ግፊት ሲመጣ ትነሳለች፣ መሳብ ሲመጣ ትከደናለች። እሷ በደንብ ከሠራች ሆዱ ውስጥ የሚቀረው ግፊት ከውጭው አየር በትንሹ ያንሳል፤ ያኔ ዘይት በየጎሚኒው ለመውጣት አይገፋም። እኔ ልበሳ ያሰብኩት ሁለተኛ ቀዳዳ ግን ቫልቭ የለውም። በእሱ በኩል ሞተሩ አቧራና እርጥበት ሲምግ ይውላል፣ የመጀመሪያዋ ቫልቭም ሥራ ፈት ትሆናለች። ለማነጻጸር የእንግሊዞቹን ትራያምፍ አነሳ። ፒስተኖቻቸው አብረው የሚወጡ የሚወርዱ ስለሆነ እነሱም ይኸው ጣጣ ነበረባቸው። በማስገቢያው ካምሻፍት የሚዞር የመተንፈሻ ቫልቭ ነበራቸው፤ ከእ.ኤ.አ. 1970 ሞዴል ጀምሮ በ650ዎቹ ላይ እሱን ትተው ሆዱ በፍሪሲዮን በኩል ባለው የሰንሰለት ሳጥን እንዲተነፍስ አደረጉ። ሰፊ ሳጥን ስለሆነ ዘይቱ እዚያው ጠብ ይላል፣ አየሩ ብቻ በወፍራም ቱቦ ይወጣል።

መልስ 5 የያማሃ ዲቲ ባለቤት ነው። የእሱ ሞተር ሆድ ጭራሽ መተንፈሻ እንደሌለው አስተውሎ፣ ፋብሪካው ረስቶት ይሆን ብሎ ሰግቷል፤ ይበሳ ወይ ይላል። መልስ 6 ያው ቁጡው ባለ ቁጥር 3 ነው። ይህ ውይይት የመብሳት ውድድር ሆነ ወይ ብሎ ጮኸበት። ይህን ማለት አልነበረበትም፤ ሰውየው በቅንነት ነው የጠየቀው።

መልስ 7 የአንዲት እህት ነው። በሥራዋ ምክንያት ወደ ዘጌ በሆንዳ ኤክስኤል 185 ትመላለሳለች። ቁጡውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገሠጸችውና ወደ ጉዳዩ ገባች። ዲቲ ሁለት ምት ነው። በሁለት ምት ሞተር ቤንዚኑና አየሩ በሆድ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋውም ያው የሆዱ ግፊት ነው። ስለዚህ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት። ከተበሳ አየር ይስባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ሊጣበቅ ይችላል። ዲቲ ላይ መተንፈሻ ያለው ካምቢዮው ነው፤ እሷም ጭቃ እንዳይደፍናት ማየት ብቻ ነው። መልስ 8 ላይ ባለ ዲቲው አመስግኗት ሄደ።

መልስ 9 ጥፋቱን በከፍታው አሳበበ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት፣ የውጭው አየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 ከመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ የሞተሩ ሆድ እዚህ ይበልጥ ይነፋል የሚል ነው። መልስ 10 መምህሩ ነው፤ በትሕትና አረመው። ሆዱ ለውጭ ክፍት ስለሆነ ከውጭው ጋር እኩል ይወርዳል። እንዲያውም ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ በፋሻው የሚያመልጠው ጋዝም ይቀንሳል።

መልስ 11 ግን ከፍታው በሌላ በኩል እንደሚመጣ አሳየ። ያችው ባለ ኤክስኤሏ እህት ናት። ክረምት ላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትፈታ ውስጡ ማኪያቶ ይመስላል አለች። እኔም ክዳኔን ፈትቼ አየሁ፤ እውነትም ወተት የነካው ቡና። ምክንያቱን አስረዳች። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በማርሚታ ይሄዳል፤ ጥቂቱ በፋሻው አልፎ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ ውሃው ተንኖ በመተንፈሻው ይወጣል። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ በኩል ከፍታው እንዲያውም ያግዘናል። ግን ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ መንገዱም አጭር ነው። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት። ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ውሃው እዚያው ይቀራል። ምክሯ በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩ ረዘም ያለ መንገድ እንዲሄድ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ከመስመር ወጣ። መልስ 12 የሐይቁን ዳር የሚወድ ሰው ነው። ስለ ቱቦና ቫልቭ ስናወራ ዘይቱ በመጨረሻ የት እንደሚደርስ አንድም ሰው አለመጠየቁ አሳዝኖታል። ሞተር ሳይክል እየነዱ ውሃው ድረስ ገብተው የሚያጥቡ ሰዎችን አነሳ። እውነቱን ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ጫፍ መሬት ላይ ከሚንጠባጠብ፣ መቀበያ ዕቃ ቢኖረው ለጎማም ለጣናም ይበጃል። መልስ 13 ከዚያ ተነስቶ ስለ እምቦጭ ጻፈ፤ በጎርጎራ በኩል በእጁ ሲነቅል የዋለበትን ቀን ረዘም አድርጎ ተረከ። መልስ 14 ደግሞ እምቦጩ የቆሮሶ ማጥመጃ መረቡን እንዴት እንደሚይዝበት ጨመረ። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። የሐይቁ ነገር ሲነሳ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

መልስ 15 ላይ የጎንደሩ አባት ሁሉንም ወደ ሞተሩ መለሱን። ስለዚያ የብስክሌት ከመነዳሪ እስካሁን ማንም አለመናገሩ እንደገረማቸው ጻፉ። ከመነዳሪ የተሠራው አየር ለመያዝ ነው፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለመተንፈሻ የሚሆነው ዘይት የሚችል ወፍራም ጎማ ብቻ ነው። መጀመሪያ ተሽሎት በኋላ የባሰበት ለዚህ እንደሆነ ገመቱ።

መልስ 16 ከአሮጌ ቶዮታ የተፈታች የሆድ ማናፈሻ ቫልቭ አለችኝ፣ እሷን ብትሰካበትስ ብሎ ጠየቀ። መልስ 17 ላይ መምህሩ የመኪናዋ ቫልቭ የተሠራችው ለተረጋጋ ፍሰት እንደሆነ ነገረው። አራት ሲሊንደር ላይ ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉና የሆዱ አየር እንደ ቦክሰር አይመታም። የእኔ ሞተር ሚኒሞ ላይ እንኳ በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ያች ቫልቭ ይህን እየተከተለች ለመክፈትና ለመዝጋት ትዘገያለች። ቫልቭ መቀየር ካስፈለገ ቀጭን ምላስ ያላት ሪድ ቫልቭ ትሻላለች። ቦታዋ ግን ለሞተሩ ሆድ ቅርብ መሆን አለበት። ሩቅ ከሆነች በመሃል ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ራሱ እየተጨመቀና እየተሳበ ጥቅሟን ይበላዋል።

መልስ 18 የእንጨት ውታፉ መካሪ ነው። ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ፤ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም፣ አክብሬዋለሁ። ፋሻው አልቆ እንዳይሆን በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሬ ኮምፕሬሽን እንድለካ መከረ። ግፊቱ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻ ነው። መልስ 19 ላይ ባለ ቁጥር 3 መጣ። እንደገና ይጮህበታል ብዬ ፈርቼ ነበር። በለሰለሰ ቃል ነው የጻፈው። ዘዴው ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሞተር እንደሚሠራ፣ ቦክሰር ላይ ግን ሲሊንደሩ ስለተኛ ዘይቱ ከታች ተኝቶ የፋሻውን ዙሪያ እንደማይሸፍን፣ ስለዚህም ውጤቱ እንደሚያሳስት አስረዳ። ሳይጨመርበት የሁለቱን ጎን ማነጻጸር ይሻላል አለ። አክሎም የሞተሪኖውን (የማስነሻውን) ክዳን ከመንካቴ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ እንድፈታ አስጠነቀቀኝ።

መልስ 20 የእኔ ነው። ሐሙስ ከሥራ መልስ ባትሪውን ፈትቼ የሞተሪኖውን ክዳን አነሳሁ። መተንፈሻዋ እዚያ ሥር ናት። ከመነዳሪው አብጦ፣ መታጠፊያው ላይ እንደ ተጨመቀ አንጀት ገብቶ ተጣብቋል። በብርሃን ፊት ይዤ ባየው ሌላው ጫፍ አይታይም። ዝርጓ ቫልቭ ደግሞ በጥቁር ቅባት ተጣብቃ በአንድ ጎኗ ተንጋዳለች፤ አትከደንም፣ አትነሳም። በጥፍሬ ስነካት አልተንቀሳቀሰችም። በቤንዚን ነክሬ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ አሳረፍኳት። ጠርዟ አልተጎዳም። መልሼ ስገጥማትና በጣቴ ስጫናት ስፕሪንጓ ጠቅ አድርጋ መለሰቻት። ዘይት የሚችል ጎማ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ። ከሆዱ ወጥቶ መጀመሪያ ሽቅብ እንዲሄድ አድርጌ አሰርኩት፤ የወጣው የዘይት ጠብታ ወደ ሆዱ ተመልሶ እንዲወርድ። ዘይቱን እስከ መሃል ቀነስኩ። የሁለቱ ጎን ኮምፕሬሽንም ተቀራራቢ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ ቱቦውን ከማጣሪያው ነቅዬ ጫፉ ላይ ቀጭን ፌስታል አሰርኩ። ግፊት እንዳይጠራቀም አንድ ጥግ ላይ በመርፌ በሳሁት። ሞተሩን ሳስነሳው ፌስታሉ ተነፋ፣ እንደተነፋም ቆየ። በትንሹ ይርገበገባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሳብም። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ሐሙስ ማታ ያን ያህል የተደሰትኩበት ምክንያት ለሚስቴ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

መልስ 21 ላይ መምህሩ ፌስታሉን ከውሃ ሙከራ እንደሚመርጠው ጻፈ። ብዙ ሰው ቱቦውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይቆጥራል፤ ቫልቩ ካልዘጋ ግን ሞተሩ ያንን ውሃ ይጠጣዋል። መልስ 22 ላይ ያች እህት ማኪያቶው ጠፋ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ 23 ለእሷ የጻፍኩት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዘይቱን ቀይሬ፣ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግሬ እስከ ሐሙሲት ደርሼ ተመለስኩ። ስደርስ ክዳኑን ፈታሁት፤ ውስጡ ንጹሕ ዘይት ነው። ከቀኙ ካርቡራተር ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ። ጠዋት ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ጠብታ ነበረች። እሷም ከቱቦው አልመጣችም፤ ከቫልቭ ክዳኑ ጉአርኒሲዮን ነው። መሰርሰሪያውን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ካርቶኑን ቀይሬ ሌላ አንጥፌያለሁ።